ማጣሪያን የመምረጥ ታሪክ፦ ከሃምቡርግ አሸዋ እስከ ጋምቤላ ጨርቅ

ማጣሪያ ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዱቄት በወንፊት ይነፋል፣ ጠላ ይጠለላል፣ የጠጁ አንቡላም በጨርቅ ይለያል። ለእህል የሚሆነው ወንፊት ለዱቄት እንደማይሆን ባለሙያ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ወንፊቱን የምትመርጠው መሬት ላይ መቅረት ያለበትን ነገር አስቀድማ ስለምታውቅ ነው። በእኛ ሙያ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። በሕክምና ተቋም ውስጥ ማጣሪያ የሌለበት ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በደም መስጫው ቱቦ ውስጥ፣ በማደንዘዣው መሣሪያ ላይ፣ በላቦራቶሪው የውሃ ማዘጋጃ፣ በኩላሊት እጥበቱ የውሃ መስመር፣ መርፌ መድኃኒት በሚመረትበት ፋብሪካ ሁሉ ማጣሪያ አለ። ማን እንደ መረጠው፣ ምን እንዲይዝ ተብሎ እንደ ተገዛ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው የሚፈጸመው በዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ መመዘኛውም በማሸጊያው ላይ የታተመው ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩ በከፊል የኢንዱስትሪ፣ በከፊል የሕክምና ነው፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ተጉዘዋል። አንዳንዱ ምዕራፍም በሰው ሕይወት የተጻፈ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የከተማን ውሃ በአሸዋ የማጣራት ሥራ የተጀመረው በሽታን ለመከላከል አልነበረም። በ1804 ዓ.ም. በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ ጆን ጊብ የተባለ የጨርቅ ማንጫ ባለቤት ለፋብሪካው ንጹሕ ውሃ ስላስፈለገው በአሸዋና በጠጠር የሚያጣራ ግንባታ ሠራ፤ የተረፈውንም ለከተማው ነዋሪ ሸጠ። የጨርቅ ሥራ ድፍርስ ውሃ አይወድምና የመጀመሪያው መመዘኛ የዓይን ምስክርነት ብቻ ነበር። በ1829 ጄምስ ሲምፕሰን በለንደን ለቼልሲ የውሃ ኩባንያ ሰፊ የአሸዋ ማጣሪያ ሲሠራም የተፈለገው የቴምዝ ውሃ ጠርቶ እንዲታይ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1852 ባወጣው ሕግ ለለንደን የሚቀርበው የወንዝ ውሃ ሁሉ እንዲጣራ ሲያዝ እንኳ፣ አሸዋው ከጭቃ በቀር ሌላ ምን እንደሚይዝ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ባክቴሪያ በሽታ ያመጣል የሚለው ሐሳብ ገና ሥር አልሰደደም።

ይህ የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ በጀርመን አገር ነው።

ሃምቡርግና አልቶና በኤልበ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን የተቆረቆሩ፣ በአንዳንድ ቦታ መንገድ ብቻ የሚለያቸው ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ ዛሬ አልቶና የሃምቡርግ አንድ ክፍል ናት። ሃምቡርግ ውሃዋን የምትቀዳው ከከተማዋ ከፍ ብሎ ካለው የወንዙ ክፍል ሲሆን፣ ሳታጣራ ታሠራጨው ነበር። የባሕሩ ሞገድ ሲነሣ ግን የከተማዋን ፍሳሽ ሽቅብ እስከ መቅጃው ይመልሰዋል። አልቶና በበኩሏ ከሁለቱም ከተሞች በታች ትቀዳለች፤ የምትቀዳው ውሃም የሃምቡርግን ፍሳሽ ሁሉ የተሸከመ ነው። ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን ከ1859 ጀምሮ በአሸዋ ማጣራቷ ነበር። በጊዜው አንድ ሰው የትኛው ውሃ ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መቅጃውን አይቶ የሃምቡርግን ይመርጥ ነበር።

በ1892 የክረምታችን ማብቂያ ላይ ኮሌራ ገባ። በሃምቡርግ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው ከ8,600 በላይ ሞቱ። አልቶና ግን የተነካችው በጥቂቱ ነው፤ ከታመሙባትም ብዙዎቹ በሽታውን ከሃምቡርግ ይዘው የመጡ ነበሩ። ነገሩን ለመመርመር የተላኩት ሮበርት ኮክ በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ ያዩት ነገር ለኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት እስከ ዛሬ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። በአንዱ መንገድ በሃምቡርግ በኩል ባሉት ቤቶች ሰው ይሞታል፤ ፊት ለፊት በአልቶና በኩል ሕመም የለም። አፈሩ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ የነዋሪው ድህነትም አንድ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ በሃምቡርግ ክልል ውስጥ ሆኖ በአጋጣሚ ከአልቶና የውሃ መስመር የሚጠጣ አንድ የሠራተኞች ሰፈር ከበሽታው መዳኑ ነበር። የሃምቡርግ ሹማምንት ስለ ማጣሪያው ወጪና ዓይነት ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው ሥራውን ጀምረው ነበር፤ ወረርሽኙ የደረሰው ግን ግንባታው ሳያልቅ ነው። ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ1893 ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ከሟቾቹ ቁጥር ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ የአንድ ዓመት ልዩነት ነው።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ለጉዳያችን ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። በ1893 ጥር ወር ገደማ ኮሌራ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የመታው የዳነችውን አልቶናን ነበር። ማጣሪያው እንደ ቀድሞው አለ። አሸዋውም ያው ነው። ኮክ እያንዳንዱን የማጣሪያ ገንዳ ለየብቻ ሲመረምሩ፣ ገንዳዎቹ ክፍት በመሆናቸው በብርቱው ብርድ ወቅት ሲጸዱ የአንዱ አሸዋ ላይኛው ገጽ በርዶ በመጎዳቱ ባክቴሪያ የሚያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ገንዳዎች በትክክል ይሠሩ ስለ ነበር፣ የሁሉም ውሃ አንድ ላይ ከተቀላቀለ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ጉዳቱን ሊደብቀው ይችል ነበር።

ከዚህ የተነሣ ኮክ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛው ባክቴሪያውን የሚይዘው አሸዋው አለመሆኑ ነው። ውሃው በዝግታ ሲወርድ በአሸዋው ገጽ ላይ ከደለል፣ ከአልጌና ከልዩ ልዩ ሕያዋን ተህዋስያን የተሠራ የሚያሟልጭ ስስ ንጣፍ ይጋገራል፤ እውነተኛው ማጣሪያ እርሱ ነው። ገንዳው በታጠበ ማግሥት ለዓይን እጅግ ንጹሕ በሆነበት ሰዓት በእርግጥ ደካማ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ማጣሪያ በስሙ ሳይሆን በሚያወጣው ውሃ እንዲዳኝ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ፣ የእያንዳንዱ ገንዳ ውሃ በየቀኑ ለብቻው እንዲመረመር፣ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ከ100 በላይ ሕያው ጀርም የተገኘበት ውሃ ወደ ንጹሑ ማጠራቀሚያ እንዳይገባ ደነገጉ። ይህን መቁጠር የተቻለው ራሳቸው ኮክ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጠጣር ማራቢያ ላይ ባክቴሪያን የማብቀል ዘዴ ስለ አስተማሩ ነው። ለማጣሪያ መመዘኛ ከዓይን ወደ ቁጥር የተሸጋገረው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን በፓሪስ የፓስተር የሥራ ባልደረባ የነበሩት ሻርል ሻምበርላን ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ሠርተው ነበር። በ1884 ያስተዋወቁት ይህ ዕቃ ያልተለበጠ የሸክላ ሻማ ሲሆን፣ ውሃው ከውጭ ወደ ውስጥ በግፊት እየሰረገ ባክቴሪያው ከውጭ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጀርመን በርክፌልድ የተባለው ማጣሪያ ዲያቶም ከሚባሉ ረቂቅ ሕያዋን ቅሪት ከተከማቸ ቀላል አፈር ተሠራ። የሸክላ ሻማ ያለበት የቤት ውሃ ማጣሪያ ዛሬም በየቤቱ የምናየው የእነዚህ ዝርያ ነው። ይህም ሻማ የራሱ ጠባይ አለው፤ የያዘውን ባክቴሪያ አይገድልምና ተገቢው ጽዳት ካልተደረገለት ባክቴሪያው በግድግዳው ውስጥ እየተራባ በቀናት ውስጥ ወደ ንጹሑ በኩል ሊሻገር ይችላል። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን መመሪያ የሚያነብ ስንት ሰው እንደ ሆነ አላውቅም።

የሻምበርላን ሻማ ለሕክምና ሳይንስ ያበረከተው ከውሃ በላይ ነው። በ1888 ሩ እና ዬርሳን የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ ያደገበትን ፈሳሽ በዚህ ሻማ አጣርተው፣ አንድም ባክቴሪያ የሌለበት ጥሩ ፈሳሽ እንስሳትን እንደሚገድል አሳዩ። ባክቴሪያው ቀርቶ መርዙ ማለፉን ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃምቡርግ በኮሌራ በተመታችበት በ1892 ደግሞ ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በሻማው ካለፈ በኋላም ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም አስተዋሉ። ሻማው ተሰንጥቆ ይሆን? ወይስ መርዝ ነው? ኢቫኖቭስኪ እርግጠኛ አልነበሩም። በ1898 ሆላንዳዊው ባይየሪንክ ነገሩ አዲስ ዓይነት ተላላፊ ነው አሉ፤ በዚያው ዓመት ሎፍለርና ፍሮሽ የከብት አፍና እግር በሽታ መንስኤም እንዲሁ እንደሚያልፍ አረጋገጡ። በ1901 ዋልተር ሪድና ጄምስ ካሮል የቢጫ ወባ በሽተኞችን የተጣራ የደም ፈሳሽ በመጠቀም የመጀመሪያውን የሰው ቫይረስ አገኙ። ለአርባ ዓመታት ያህል፣ ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እስኪታይ ድረስ፣ ፍቺው ከማጣሪያ የሚያልፍ ተላላፊ ነገር የሚል ነበር። አንድ የሕያዋን ዘርፍ በሙሉ በአንድ የሸክላ ዕቃ ጉድለት ተሰየመ ማለት ነው።

ከዚህ ምዕራፍ የሚወጣውን ጥያቄ የጤና ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ማጣሪያው ምን ያሳልፋል? ምን ይይዛል የሚለውን ሻጩ ይነግረናል። የሚያሳልፈውን ግን ጠይቀን ካልሆነ አናገኘውም።

ማጣሪያዎች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ እንደ ወንፊት በገጹ ላይ ይይዛል። ሁለተኛው እንደ አሸዋውና እንደ ሸክላው በውፍረቱ ውስጥ፣ በጠመዝማዛ መንገዱ እያደናቀፈ፣ እየሳበና እያጣበቀ ያስቀራል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የመድኃኒትና የክትባት ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ዛይትስ የተባለው ምንጣፍ ከሁለተኛው ወገን ነበር። የሚሠራው ከሴሉሎስና ከአስቤስቶስ ክሮች ነው። ጥሩ ይይዛል፤ ነገር ግን ከፈሳሹ ውስጥ የሚፈለገውንም ነገር አጣብቆ ያስቀራል፣ ክሩንም ይለቃል። ስለዚህ አምራቾች ሌላ አማራጭ ቢፈልጉ የሚያስወቅሳቸው አልነበረም። በ1955 የሆነው ግን የማጣሪያ ምርጫ ከሌላ የማምረቻ ደረጃ ጋር ተነጣጥሎ መታየት እንደሌለበት አሳይቷል።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የሳልክ የፖሊዮ ክትባት በአሜሪካ ተፈቀደ። ክትባቱ የሚሠራው በዝንጀሮ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ የተራባውን ቫይረስ በፎርማሊን በመግደል ነው። ፎርማሊኑ ከመጨመሩ በፊት የሕዋሳቱ ፍርስራሽ በማጣሪያ ይወገዳል፤ ምክንያቱም በፍርስራሽ ጉብታ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ፎርማሊኑ አይደርስበትም። የሳልክ ላቦራቶሪ የዛይትስ ምንጣፍ ሲጠቀም፣ በካሊፎርኒያ የነበረው የከተር ላቦራቶሪ የመስታወት ማጣሪያ ተጠቀመ። ከማጣራቱ በኋላ ፈሳሹ ሳይገደል ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ደግሞ ደለሉ እንደገና ይጓጉላል። ውጤቱ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ሆነ። ከ200 የማያንሱ ሰዎች ሽባ ሆኑ፣ 10 ሞቱ፤ በቀላሉ የታመሙት ልጆች ደግሞ በአሥር ሺዎች ይገመታሉ። ጥፋቱ የአንድ ማጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የደህንነት ምርመራውም ደካማ ነበር። የተወሰደው እርምጃ ግን ለጉዳያችን ትርጉም አለው፤ በግድያው ሂደት መካከል ሁለተኛ ማጣራት እንዲጨመር ታዘዘ። አንድ ጊዜ የተጣራ ፈሳሽ ተጣርቶ አይኖርምና።

ዛሬ በእጃችን የምናገኘው በአብዛኛው ስስ ገለፈት ማጣሪያ ነው። መሠረቱን የጣሉት በጀርመን ጎቲንገን ከተማ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠሩት፣ በኋላ በ1925 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ዚግሞንዲ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ከተሞች የውሃ መሥመር በፈራረሰበት ወቅት ገለፈቱ በውሃ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በፍጥነት ለመቁጠር አገለገለ። አሜሪካውያን ዕውቀቱን ወስደው አሻሻሉት፤ ሚሊፖር የተባለው ኩባንያም በ1954 ተቋቋመ። የገለፈቱ ቀዳዳ መጠን ሊወሰን በመቻሉ ማሸጊያው ላይ ቁጥር መጻፍ ተለመደ። ለመድኃኒት ንጽሕና የተመረጠው ቁጥር 0.45 ማይክሮሜትር ነበር።

በ1960ዎቹ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚሠሩት ፍራንሲስ ቦውማን በ0.45 ማጣሪያ የተጣራ ፈሳሽ ላይ ባክቴሪያ ሲያድግ አዩ። በ1967 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አንዲት ደቃቅ ባክቴሪያ በ0.45 ገለፈት እንደምታልፍ አረጋገጠ። ስሟ በዚያን ጊዜ ሱዶሞናስ ዲሚኑታ ነበር፤ ዛሬ ብሬቩንዲሞናስ ዲሚኑታ ትባላለች። ንጽሕናው ሳይጓደል ለስንት ዓመት በዚያ ማጣሪያ እንደታመነ ማሰብ ያስደነግጣል። ከዚያ ወዲህ ለመርፌ መድኃኒት የተመረጠው 0.2 ማይክሮሜትር (አንዳንዶች 0.22 ይሉታል) ሲሆን፣ ማጣሪያውን ያለፈችው ባክቴሪያ ራሷ መፈተኛ ሆነች። ጀርም አልባ የሚያደርግ ማጣሪያ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዮን የዚህች ባክቴሪያ ሕያዋን ሲፈስሱበት አንዲትም ሳያሳልፍ የሚያወጣ ማለት ነው፤ የአሜሪካው አስተዳደር በ1987 ባወጣው መመሪያም ይህ ተጽፏል። እንግዲህ 0.2 የሚለው የቀዳዳ ልክ ከመሆን ይልቅ የፈተና ውጤት ስም ነው። በማይክሮስኮፕ ብናየው የገለፈቱ ቀዳዳ እንደ ወንፊት የተስተካከለ ክብ አይደለም፤ እንደ ስፖንጅ የተወሳሰበ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኢንዱስትሪው ቋንቋ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለሆስፒታል የውሃ መስመር የምንገዛቸው የሲሊንደር ቅርጽ ያላቸው የማጣሪያ አባሎች የሚመጡት ከዚያ ዓለም ነው። በአንድ ማጣሪያ ላይ 5 ማይክሮን ተብሎ ቢጻፍ ስመ ልክ ወይም ፍጹም ልክ ሊሆን ይችላል። ስመ ልክ ማለት ከዚያ መጠን በላይ ካለው ቅንጣት አምራቹ ራሱ የወሰነውን ያህል ክፍል ይይዛል ማለት ብቻ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ይሁን ዘጠና አምስት ማሸጊያው አይናገርም። የፋብሪካ ማሽን በዘይት ግፊት የሚሠሩ ሰዎች በዚህ አሻሚነት ተማርረው፣ በ1970ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤታ የተባለ መለኪያ ተሠራ፤ በ1981 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፣ በ1999ም ተሻሽሎ ወጣ። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ወደ ማጣሪያው የገባው ቅንጣት ብዛት ለወጣው ይካፈላል። ቤታ 2 ከሆነ ግማሹ አልፏል። ቤታ 200 ከሆነ ከ200 አንድ ያልፋል፣ ቤታ 1000 ከሆነ ከ1000 አንድ። ሁለቱም አምራቾች 5 ማይክሮን ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። ዋጋቸው ሲለያይ ርካሹን የመረጠ የግዥ ኮሚቴ ሳያውቅ ሌላ ዕቃ ገዛ ማለት ነው።

ከቁጥሩ ሌላ የሚጠየቅ አለ። ገለፈቱ የተሠራበት ነገር ፈሳሹን ይችላል ወይ? አልኮል የሚያቀልጠው፣ ሙቅ ውሃ የሚያለሰልሰው አለ። ፕሮቲን ያለበትን መድኃኒት የሚያጣብቅ አለ፤ ናይሎን በዚህ ይታወቃል። ለአየር መተንፈሻ የሚመረጠው ውሃ የማይወድ ገለፈት ሲሆን፣ ያ ካልሆነ እርጥበት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ጋኑም መተንፈስ ያቅተዋል። ደግሞም ጀርም አልባ የሚያደርገው 0.2 ማጣሪያ ቫይረስን አያስቆምም፣ ሕዋስ ግድግዳ የሌላቸውን ማይኮፕላዝማ ሁሉንም አይዝም፤ ከሞተ ባክቴሪያ የሚለቀቀው ኢንዶቶክሲን በቀላሉ ያልፈዋል። ታማሚው ንጹሕ በተባለ መርፌ ከተወጋ በኋላ ቢንቀጠቀጥ የምናስበው ይህን ነው። የሩና የዬርሳን ዲፍቴሪያ መርዝ እንደ ገና መጣ ማለት ነው።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል የደረሰ ነገር አለ። በውሃው መስመር ላይ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ሁለት የግፊት መለኪያዎች ነበሩ። ሁለቱም ለወራት እኩል ያነብባሉ። ማጣሪያው አልተዘጋም፣ ስለዚህ ጥሩ ነው ብለን እንጽፍ ነበር፤ እኔም በመዝገቡ ላይ ፈርሜያለሁ። አንድ ቴክኒሻን ቤቱን ሲከፍተው አባሉ ለቤቱ ትንሽ አጭር ሆኖ፣ የጎማ ቀለበቱ ሳይቀመጥ፣ ውሃው በጎኑ ሲያልፍ ኖሯል። ማጣሪያ ሲሠራ ግፊቱ በጥቂቱ መቀነስ እና አቧራ ሲይዝ ልዩነቱ እየጨመረ መሄድ አለበት። ልዩነት የለም ማለት የሚሠራ ነገር የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደቆየ የሚያውቅ አልነበረም። ኮክ ለእያንዳንዱ ገንዳ ለብቻው ያሉት ይህን ነው፤ በዘመናችንም የመድኃኒት ፋብሪካዎች ማጣሪያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በውሃ የረጠበውን ገለፈት በአየር ግፊት እየፈተሹ፣ አረፋ የሚወጣበትን ግፊት ከአምራቹ ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ግፊቱ ካነሰ ትልቅ ቀዳዳ አለ፤ የተጣራው ፈሳሽ ሁሉ ይጣላል ወይም እንደገና ይጣራል። በሆስፒታሎቻችን ይህን የመሰለ ልማድ ገና ነው።

በኩላሊት እጥበት ያለው አደጋ ከቀላል ቃል ጋር የሚሄድ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን የሚጠጣው ሁለት ሊትር ገደማ ሲሆን በአንጀቱ ግድግዳ ይጠበቃል። ታማሚው ግን በአንድ የእጥበት ጊዜ 120 ሊትር ያህል ውሃ ደሙን በስስ ገለፈት ተለይቶ ያገኘዋል። በ1996 የካቲት ወር በብራዚል ካሩአሩ ከተማ ባለ አንድ የእጥበት ክሊኒክ ከ130 ገደማ ታማሚዎች መካከል አብዛኞቹ ከእጥበት በኋላ ዓይናቸው ተጋረደ፣ ራሳቸውን አመማቸው፣ አስመለሳቸው። ወደ 100 የሚሆኑት ጉበታቸው ተጎዳ፤ ከ50 ያላነሱት ሞቱ። ድርቅ ነበርና የማጠራቀሚያ ሐይቁ በሳይኖባክቴሪያ ተሞልቶ ነበር፤ ውሃውም ለክሊኒኩ በጭነት መኪና ይመጣ ነበር። ምርመራው በውሃው፣ በታማሚዎቹ ደምና ጉበት ውስጥ ማይክሮሲስቲን የተባለ የጉበት መርዝ አገኘ።

ክሊኒኩ ማጣሪያ አልጎደለውም። አሸዋ ነበረ፣ መርዝ የሚመጥ ከሰል ነበረ፣ ሬዚን ነበረ፣ በመጨረሻም ጀርም የሚይዝ ማጣሪያ ነበረ። የሌለው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ነው። ማይክሮሲስቲን ግን በውሃ የሟሟ ሞለኪውል ነው፤ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ለእርሱ ክፍት በር ነው። ከሰሉ ሊይዘው ይችል ነበር፤ በእርግጥም በከሰሉ ውስጥ ተገኝቷል። የከሰል መያዣ ግን ቦታ ሲሞላ ይቆማል፣ መቆሙንም በግፊት አያሳይም። የእጥበት ታሪክ በ1970ዎቹም ተመሳሳይ ነገር አይቷል፤ በእንግሊዝ አገር አልሙኒየም የበዛበት ውሃ የታጠቡ ሰዎች አእምሮአቸው ተነካ፣ አጥንታቸው ተሰበረ። ጥሩ የተጣራና የጠራ የከተማ ውሃ ነበር።

እነዚህን ታሪኮች ያነበበ ሰው፣ እንግዲህ ውድ ከሆነው ሌላ አማራጭ የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ግን የሚቀጥለው ክፍል ለዚህ ድምዳሜ አይመችም።

የጊኒ ወርም በአገራችን በደቡብ ኦሞና በጋምቤላ ለረጅም ጊዜ የኖረ በሽታ ነው፤ የማጥፋት ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ትሉ ከሰው እግር ይወጣል፤ እጮቹ ኩሬ ውስጥ ይገባሉ፤ ሳይክሎፕስ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ቅማሎች ይውጧቸዋል፤ ውሃውን የጠጣ ሰው ደግሞ ሳይክሎፕሱን ይውጣል። መድኃኒትም ክትባትም የለም። እጩን ራሱን ለማጣራት ብንሞክር ረቂቅ ማጣሪያ ያስፈልገን ነበር። ሳይክሎፕስን ለማስቀረት ግን ቀዳዳው ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሰ የናይሎን ጨርቅ ይበቃል። አሠራሩን ያጠኑ ሰዎች የጨርቅ ማጣሪያ ለማድጋ፣ ለመንገደኛ ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ መጥመጫ ቱቦ አሰራጩ። በዓለም ላይ በ1986 ሦስት ሚሊዮን ተኩል ይገመት የነበረው የሰው ሕሙማን ቁጥር ዛሬ በዓመት በጣት የሚቆጠር ሆኗል፤ ሥራውን የሠራው ጨርቁ ብቻ ባይሆንም ከፍተኛ ድርሻ አለው። በጋምቤላ ውሾችና ዝንጀሮዎች መያዛቸው የቀረውን ሥራ አስቸጋሪ አድርጎታል፤ እንስሳ ጨርቅ አይጠቀምምና።

በባንግላዴሽ ደግሞ ሪታ ኮልዌልና ባልደረቦቻቸው በተመሳሳይ ሐሳብ ኮሌራን ሞከሩ። ኮሌራ ባክቴሪያ ነው፤ ማይክሮሜትር ባላቸው ቀዳዳዎች እንጂ በጨርቅ አይያዝም። ሆኖም ብዙው ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ የሚኖረው በጥቃቅን እንስሳት ላይ ተጣብቆ ነው። አሮጌ የሳሪ ልብስ አራት እጥፍ ሲታጠፍ እነዚህን እንስሳት ያስቀራል። በ65 መንደሮች የተሠራው ጥናት በ2003 ሲታተም በሳሪ ያጣሩት ሰዎች ኮሌራ በ48 ከመቶ ቀነሰ። ከሁሉም የገረመኝ ዝርዝር፣ አዲሱ ጨርቅ ሳይሆን አሮጌውና ብዙ ጊዜ የታጠበው የተሻለ መሥራቱ ነው፤ ክሮቹ እየለሰለሱ ቀዳዳውን ስለሚያጠብቡት። የጋምቤላው ናይሎን ግን በተቃራኒው ነው፤ ሲያረጅ ይቀደዳል። በመስክ የሚሠሩ የጤና ሠራተኞች ወደ ቤት ሲገቡ ጨርቁን ከማድጋው አንሥተው ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያያሉ፤ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ካለ ያንኑ ቀን ይለውጡታል።